ሀ/ በግራ ያለው

ወንድሜ በኢንተርኔት ላይ ዲቃላ ብሎኛል። በሐሜት ቢሆን ለምጄዋለሁ፤ እሱ ግን ያለኝ በፈተና ነው። ሥዕሌን ለጥፎ፣ ጥያቄ አውጥቶ፣ መልሱን "ሀ" አድርጎ፣ እኔን የመረጠውን ተማሪ ሁሉ "ትክክል! ጎበዝ!" እያሰኘ።

ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ መልሱ ውሸት አለመሆኑ ነው።

እናቴ በወጣትነቷ ሞጣ ከአንድ ባለርስት ቤት እንጨት እየለቀመች፣ ውኃ እየቀዳች ትኖር ነበር። የባለርስቱ ልጅ ጎረምሳ ነበር፤ ገና አላገባም። የእናቴ ሆድ መግፋት ሲጀምር ለእሱ ከደህና ቤት ሚስት እየታጨለት ስለ ነበር፣ አንዲት ጊደር ሰጥተው ወደ አገሯ ወደ ቢቸና ሸኟት። እኔን በሆዷ፣ ጊደሯን በገመድ ይዛ መጣች። ያንን ጉዞ ስታወራ ሁልጊዜ ጊደሯን ታስቀድም ነበር፤ "ጊደሯና አንተ ስትመጡ" ትለኛለች። አልቀየማትም። ጊደሯ ወልዳ ታልባ አሳድጋኛለች። አባቴ ምን አደረገልኝ?

አባቴን በልጅነቴ ያየሁት አንድ ቀን ነው፤ ቢቸና የከብት ገበያ ላይ። በሬ ሊሸጥ መጥቶ ሰው እኔን አሳየው። ቀረብ ብሎ አገጬን ያዘና ወደ ጎን አዞረኝ፤ ከጆሮዬ ኋላ ያለችውን ምልክት አየ። "የኛው ነው" አለ። ከዚያ በሬውን ሊሸጥ ሄደ። ጥርሴን ከፍቶ አለማየቱም ደግነት ነው።

ያገባት ሴት ሞጣ ላይ ወንድ ልጅ ወለደችለት። ወንድሜ የምለው እሱን ነው። እሱ ትምህርት ቤት ገባ፤ እኔ ከብት ኋላ ገባሁ። እሱ የእንስሳት ትምህርት ተምሮ አዳቃይ ሆነ። አዳቃይ ማለት ላም ኮርማ ስትፈልግ እጁን እስከ ብብቱ በላስቲክ ጓንት ሸፍኖ የፈረንጅ ኮርማ ዘር የሚያስገባላት ባለሙያ ነው። እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱ። አባቴ ያለ ጓንት አንድ ዲቃላ ቢያበጅ አገር ተንሾካሾከ። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በጓንት ዲቃላ ሲያበጅ ደመወዝ ተቆረጠለት፤ ቆይቶም ኃላፊ ሆነ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ደርግ ወድቆ፣ አዲሱ መንግሥትም ካረጀ በኋላ፣ ጢሜ ሲሸብት ነው። ቢቸና ላይ የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተ ሲባል ሄድሁና ለሕፃን ተብሎ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር ወሽቄ ተቀመጥሁ። "ሀ"ን ሳያት የወተት ማለቢያ መሰለችኝ፤ አፏን ወደ ላይ ከፍታ የምትጠብቅ። በአንድ ቀን ያዝኋት። ሌሎቹ ፊደላት ግን ፍዳዬን አሳዩኝ። ያም ሆነ ይህ "ሀ" የኔ ፊደል ናት፤ በኋላ የሆነውን ስትሰሙ ይህን አትርሱ።

አባታችን ሲሞት ተዝካሩን ልበላ ሞጣ ሄድሁ። ወንድሜ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል።

"ከየት ነው?" አለኝ፤ ማን መሆኔን አሳምሮ እያወቀ።

"ከቢቸና።"

"የቢቸና እንግዶች በዚያ በኩል።"

በዚያ በኩል ያገኘሁት እንግዳ አንድ ውሻ ነበር። እሱም ከቢቸና መሆኑን እንጃ።

ወንድሜ እኔን ሲያናግር አንተም አንቱም አይወጣውም። አንተ ቢለኝ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው ደፈረ ሊባል ነው፤ አንቱ ቢለኝ ታላቁ መሆኔን ማመኑ ነው። ስለዚህ ለእኔ ብቻ የሚሆን ሰዋስው ፈጥሯል። "ይቀመጣል?" "ውኃ ይጠጣል?" "በሰላም ተመጣ?" ይላል። አንድ ቀንም "ተቀመጥ" ወይም "ይቀመጡ" ብሎኝ አያውቅም። እኔ ግን ደግ ስለ ሆንሁ አንተ እለዋለሁ።

እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ሳለን በ2010 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ፣ ጾመ ነቢያት ሳይያዝ፣ ወንድሜ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር ቢቸና ቤቴ ድረስ መጣ። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት "ዘላቂ የወተት ላም እርባታ" የሚባል ትምህርት በኢንተርኔት ሊሰጥ ነው አሉ። ዘላቂ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ካሜራ ያዡን ጠየቅሁት፤ "የማያልቅ" አለኝ። ስብሰባቸውን ማለታቸው መሰለኝ። በኋላ ግን ገባኝ፤ ላሟም፣ መሬቱም፣ አርቢውም አንዱ ሌላውን ሳይጨርስ አብረው እንዲኖሩ ማለት ነው። ይህን ለማስተማር ወደ እኔና ወደ ወንድሜ መምጣታቸው ራሱ ቀልድ ነው።

የመጡት ለላሜ ነው። ላሜ ጥቁርና ነጭ፣ ግማሽ ፈረንጅ፣ ግማሽ አበሻ ናት። በእናቷ በኩል እናቴ ከሞጣ የጎተተቻት የዚያች ጊደር ዘር ናት፤ በአባቷ በኩል በጓንት የመጣች። ስም አላት፤ ግን በዚህ ጽሑፍ ላይ ሰው ያለ ስም እየተወራ ላም በስሟ ብትጠራ አይገባም። የዝሆን ሣር አበቅልላታለሁ፣ ፋጉሎ ከፉርሽካ ጋር አበላታለሁ፣ እበቷን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቼ በሚወጣው ጋዝ ሚስቴ ወጥ ትሠራበታለች። የአባቴ ዘመዶች ስለ እናቴና ስለ እኔ "እበት ትል ይወልዳል" ይሉ ነበር። የእኔ እበት እሳት ወልዷል፤ መጥተው ይሙቁ።

"ካሜራው ሲበራ ላሟ አጠገብ ይቆማል" አለ ወንድሜ።

"ማነው የሚቆመው?"

"አርሶ አደሩ።"

"እኔ ነኝ?"

ወደ ላሟ ዞረ። ካሜራ ያዡ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። አፍንጫችን አንድ ነው፤ ዕውር ካልሆነ ያየዋል። "ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አለ።

"በሥራ" አለ ወንድሜ።

በሥራ! ሚስቴ ለእንግዶቹ የምታቀርበውን እርጎ ይዛ ከበሩ ስትወጣ ሰማች። እርጎውን ለወንድሜ ስትሰጠው፣ "ይጠጣ። በሥራ የመጣ እርጎ ነው" አለችው። ጠጣው። ጢሙ ላይ ነጭ ቀርቶ ሲያወራ ዋለ፤ ሁላችንም አይተናል፤ ማንም አልነገረውም።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ዕለት አንድ ነገር ተስፋ አድርጌ ነበር። ካሜራው ፊት "ይህ ወንድሜ ነው" እንዲል። ሌላ አልፈለግሁም። ርስት አልጠየቅሁ፣ ውርስ አልጠየቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር፤ እሱም በነጻ የሚገኝ።

ትምህርቱ የወጣው በየካቲት፣ በዐቢይ ጾም መሐል ነው። አገሩ ሁሉ ሽሮ እየበላ ሳለ "በየቀኑ ወተት ይጠጡ" የሚል ትምህርት ለቀቁ። ልጄ አሮጌ ስልኳን ትታልኝ ስለ ነበር እኔም ገብቼ ልማር አልሁ። ሚስቴ ሳቀች።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች። "ደጅህ ያለችውን ትተህ ሰማይ ያለችውን ልታልብ ነው?"

"ደጄ ያለችው ናት እኮ ሰማይ የወጣችው" አልኋት።

ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የጻፈው፣ "እርስዎ ማን ነዎት?" የሚል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያልጠየቀኝን ስልክ ጠየቀኝ። ደግሞ እርስዎ ብሎ! ይህን የጻፈው ወንድሜ ነው ብዬ ሳስብ ደነገጥሁ። ለማያውቀው ሕዝብ ሁሉ እርስዎ ማለት ይችላል ማለት ነው። ከሥሩ ሦስት በር አለ፦ አርሶ አደር፣ ባለሙያ፣ ተማሪ። አንዱን ምረጥ ይላል። እኔ ሦስቱንም ገባሁባቸው። አርሶ አደር ነኝ፤ ላም ማወቅ ባለሙያ ካሰኘም ባለሙያ ነኝ፤ ተማሪ ለመሆን ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ማን ለፍቷል?

የአርሶ አደሩ በር ውስጥ አንድ ሰውዬ ደንቆሮ እንደሚያናግር ይጮኻል። "ውድ አርሶ አደራችን! ላም ውኃ ትጠጣለች!" ይላል፤ በጣም በዝግታ። "ላም አራት እግር አላት" ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። የባለሙያው በር ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይጨርሳል፤ ጩኸት የለም፤ የሚሰማው ሰው እንዳይነቃ የሚፈራ ይመስላል። የተማሪው በር ውስጥ ሥዕል የሆነች ላም ቆማ ትዘፍናለች፤ ከሦስቱ እሷ ትሻላለች።

ትምህርቱ ግን ከንቱ ነው አልልም፤ ሐሜተኛ እንጂ ውሸታም አይደለሁም። እኔ ላሜን ጧትና ማታ ወንዝ አውርጄ ነበር የማጠጣት። የባለሙያው በር፣ የምትታለብ ላም ውኃ ፊቷ ካልዋለ ወተቷን ታጎድላለች ይላል። ግማሽ በርሜል አምጥቼ ደጇ ላይ ሞላሁላት። ወተቷ ጨመረ። አርሶ አደሩ በር ላይ ሲጮኹብኝ "ውኃ ትጠጣለች" አሉኝ እንጂ ይህን አልነገሩኝም። ዋናውን ነገር ለባለሙያ፣ ጩኸቱን ለእኔ ከፈሉት ማለት ነው።

ጾሙ ሊገባደድ ሲል ወተት ለማስረከብ ወደ ሻይ ቤት ስሄድ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ተማሪዎች ሳልፍ "ሀ!" ይሉኛል። መጀመሪያ ማዛጋት መስሎኝ ነበር። በማግስቱም "ሀ!"። የባጃጁ ሾፌር ጡሩንባውን ነፋና "ሀ! ወዴት ነው? ግባ ላድርስህ" አለኝ። በጎልማሳነቴ መማሬን የሚያደንቁ መሰለኝና ደስ አለኝ። እጄን አውለበለብሁላቸው! አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

የነገረችኝ የሻይ ቤቷ ባለቤት ናት። "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ" አለችኝ ወተቱን እየተቀበለች። "ልጆቹ በስልክ የሚፈተኑት ጥያቄ አለ። እርስዎ አሉበት።"

"ምን ተብዬ?"

"እኔ አልናገርም። ያንብቡት። ማንበብ ይችሉ የለ?"

እችላለሁ። መቻሌን የረገምሁት ያን ቀን ነው።

ሻይ ቤቱ ጥግ ተቀምጬ የተማሪውን በር ከፈትሁ። ላሚቱ ዘፍና ጨረሰች። የመጨረሻው ፈተና መጣ። ሥዕሉ ላይ እኔና ላሜ ጎን ለጎን ቆመናል፤ ኅዳር ላይ የተነሣነው ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

"በሥዕሉ ላይ ከሚታዩት ዲቃላው የትኛው ነው? ሀ/ በግራ ያለው ለ/ በቀኝ ያለው"

በግራ ያለሁት እኔ ነኝ።

ምናልባት የእኔ ሆድ ብሶ ነው ብዬ "ለ"ን ነካሁ። ላሟን መረጥሁ ማለት ነው። ስልኩ ቀይ ሆነና "ተሳስተዋል! እንደገና ይሞክሩ" አለኝ። እንደገና ሞከርሁ። "ተሳስተዋል!" ወደሚቀጥለው ለማለፍ፣ የምስክር ወረቀቱንም ለማግኘት፣ "ሀ"ን መንካት ግድ ነው። በራሴ ጣት፣ ራሴን ዲቃላ ብዬ፣ "ትክክል! ጎበዝ!" ልባል ነው። ደግሞ በየትኛው ፊደል? ጢሜ ሸብቶ በተማርኋት፣ ማለቢያ በምትመስለኝ!

አልነካሁም። ስልኩን ዘግቼ ተነሣሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት የዕለቱን የወተት ጣሳዬን እንኳ ረስቼ መሄዴን ኋላ ነገረችኝ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ፊቴን አይታ "ላሟ ሞተች?" አለች።

"ላሟ ሰው ሆነች" አልኋት። "እኔ ነኝ ከብት የሆንሁት።"

ጥያቄውን አሳየኋት። እሷ አታነብም፤ አነበብሁላት። ለካ የራስን ስድብ ማንበብም ትምህርት ይጠይቃል። "ሽማግሌ ላክበት" አለች። "ቢቸና ተቀምጠህ በስልክ ብትጣላው ስልኩን ነው የምትሰብረው።"

ፋሲካ አልፎ፣ ሚያዝያ 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት አባቴ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ዳኛ ሆኖ መሐል የተቀመጠው አንድ የቅኔ መምህር ነው፤ ሁሉም የኔታ ይለዋል። ግራና ቀኙ ሁለት አዛውንቶች አሉ፤ ከመስማት ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። የአባቴ ሚስት፣ የወንድሜ እናት፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ቆብ ጭነው እማሆይ ተብለዋል። እሳቸው ከቤቱ ክፈፍ ሥር ፀሐይ እየሞቁ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ የሰሙ አይመስሉም። ወንድሜ ከፊቴ ተቀምጧል። "በሰላም ተመጣ?" አለኝ። ሰዋስዋችን እንደ ቆመች ናት።

የኔታ ስልኩን ተቀብሎ ጥያቄውን ሁለቴ አነበበ። ከዚያ ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ እኔን።

"ቅኔ ነው እንበል" አለ። "ሰሙ ላሟ ናት፤ ወርቁ ይህ ሰውዬ ነው። አሁን አንተ የጠየቅኸው ስለ ሰሙ ነው ወይስ ስለ ወርቁ?"

"የኔታ፣ ስለ ላሟ ነው" አለ ወንድሜ። "መጀመሪያ ለባለሙያ ስናዘጋጀው 'ድቅሏ የትኛዋ ናት' ነበር የሚለው። ለተማሪ ቀለል ይበል ተባለ። ድቅል ከባድ ቃል ነው ተብሎ ዲቃላ ተባለ። ላሟም መጀመሪያ በግራ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ አርማ ቀንዷ ላይ ስላረፈ ሥዕሉ በመስተዋት እንደሚታይ ተገለበጠ። መልሱ ግን ሳይገለበጥ ቀረ። ስህተት ነው።"

"የተገለበጠው ሥዕሉ ነው ወይስ ነገሩ?" አለ የኔታ።

አንደኛው አዛውንት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም አመንሁት። አርማ ቀንድ ላይ ስላረፈ ሰው ከብት የሚያደርግ መሥሪያ ቤት በአገራችን መኖሩን እንኳን እኔ ላሜም ታምናለች። ቢቸና ሆኜ የሸመንሁት ክስ፣ ተንኮል ነው፣ ምቀኝነት ነው ያልሁት ሁሉ፣ እጄ ላይ ተተረተረ። ተነሥቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የኔታ ግን አልጨረሰም። "ስህተቱን አንተ መቼ አወቅህ? ይህ ሰው ከስሶህ ነው?"

ወንድሜ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

"በወጣ ሰሞን አየሁት" አለ።

"ከዚያስ?"

"ሳቅሁ።"

"ከዚያስ?"

"ተውሁት።"

የእማሆይ መቁጠሪያ ቆመ። እንግዲህ ትናደዳለህ ትሉኛላችሁ። እኔ ግን በሕይወቴ ከዚያ ሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ስለ ሆነ ደረቴ ቀለል አለኝ። ተዝካሩ ላይ "ከየት ነው?" ሲል ዋሽቷል። ካሜራው ፊት "በሥራ" ሲል ዋሽቷል። "ሳቅሁ፤ ተውሁት" ሲል ግን አልዋሸም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። ጢሙ ላይ እርጎ ቀርቶ ሲያወራ ማን ነው የነገረው?

አዛውንቶቹ በግ ይካስ አሉ።

"በግ አልፈልግም" አልሁ።

"ጥያቄው ይጥፋለት" አለ ሁለተኛው አዛውንት።

"እሱንም አልፈልግም። ጥያቄው ሲጠፋ እኔም አብሬ እጠፋለሁ። ስጠፋ ነው የኖርሁት። ሥዕሉ ይቆይ፤ ቃሉ ይታረም፤ ከሥሩ ደግሞ እኔ ማን እንደ ሆንሁ ይጻፍ።"

"ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ይጻፋል" አለ ወንድሜ ቶሎ ብሎ።

"ሞዴል ጫማ ነው። የማን ምን እንደ ሆንሁ ይጻፍ።"

ወንድሜ የኔታን አየ፤ የኔታ ሰማይ ሰማይ ያያል። "እሺ" አለ በመጨረሻ። "የአዘጋጁ ወንድም ይባል።"

ይህን ቃል ስጠብቅ ጢሜ ሸብቷል። ስሰማው ግን እንደ ጠበቅሁት አልጣፈጠኝም፤ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰው ሆዱ አይጠግብም መሰል።

"ታላቅ ወንድም" አልሁ።

"እሱስ አይሆንም" አለ። "ሞጣ ላይ በኩር ልጅ የምባለው እኔ ነኝ። ደብሩም፣ ዕድሩም፣ ዘመዱም የሚያውቀው ይህን ነው። ወንድም አልሁ፤ ይበቃል። ታላቅ ለመባል ምስክር ይጠየቃል።"

"ምስክሬ ሞታለች" አልሁ። እናቴን ማለቴ ነው።

በዚህ ጊዜ ከክፈፉ ሥር፣ "ለመሆኑ ያቺ ጊደር ዘር አላት?" የሚል ድምፅ መጣ። እማሆይ ናቸው። ሁላችንም ዞርን።

"የትኛዋ ጊደር፣ እማሆይ?" አለ የኔታ።

"እናቱ ነድታ የሄደቻት ነቻ!"

"አለች፣ እማሆይ" አልሁ። "ይቺ ሥዕሉ ላይ ያለችው ላም ዘሯ ናት።"

"ስልኩን አምጡት" አሉ። ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ እኔን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው፣ ላሟን ብቻ ብዙ አዩ። "አፈር ልብላ! ፊቷ አባቴ እንደ ነገረኝ ነው" አሉ። "ያቺ ጊደር ለእኔ ሠርግ ማጫ ተብላ የተቆጠረች ነበረች። አባቴ በዓይኑ አይቷት ነው የሰጠኝ። ስመጣ የለችም። የት ሄደች ስል፣ ሞተች አሉኝ። ኋላ ጎረቤት ነገረኝ። ለልጁ አይደለም የተናደድሁት፤ ልጅማ የትም ይወለዳል። ጊደሬን ነው!"

"እማዬ፣ አሁን ይህ ምን ያደርጋል?" አለ ወንድሜ።

"አንተ የተማርህ ነህ አይደል? አስብ እንጂ!" አሉት። "እኔ ስመጣ ጊደሯ ሄዳለች። ጊደሯ ስትሄድ እሱ በእናቱ ሆድ አብሮ ሄዷል። አንተ ያን ጊዜ የት ነበርህ? እኔ ገና ሙሽራ አልሆንሁ! ታላቅህ ነው። ጻፍ!"

የኔታ ጉልበቱን መታ። "ፍርዱ ተሰጥቷል" አለ። "የፈረደችው ጊደሯ ናት።"

እንግዲህ የሆነው ይኸው ነው። የበኩርነቴን ምስክር እናቴ በገመድ ጎትታ ቢቸና አምጥታልኝ፣ እኔ ጠዋት ማታ ሳልባት ኖሬያለሁ።

ልሄድ ስነሣ እማሆይ ጠሩኝ። ስጠጋ አገጬን ያዙና ወደ ጎን አዞሩኝ፤ ከጆሮዬ ኋላ አዩ። ይህ ቤት ሰው የሚያውቀው በዚህ በኩል ብቻ ነው መሰለኝ። ቀጥለው፣ "ቅቤ ስታወጣ ለራሴ ላክልኝ" አሉ።

"ራስዎን ያምዎታል?"

"ያመኛል። ባያመኝም ለራሴ ነው፤ ላሟ የራሴ አይደለች?"

የኔታ "ይህ ነው ቅኔ!" ብሎ ዱላውን መሬት ላይ መታ። ወንድሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል፣ "መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ ይሻላል" አለኝ። ማን ቢቀመጥ እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም። መስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ።

ቢቸና ተመልሼ በየቀኑ ስልኩን እከፍታለሁ። እንዳለ ነው። ተማሪዎቹ "ሀ!" ይሉኛል። የባጃጁ ሾፌርም ጡሩንባውን ይነፋል። ሚስቴ፣ "ሞጣ የሄድኸው በጉን ልትተው ነው እንዴ?" ትለኛለች። እኔም ልቤ መጠራጠር ጀመረ፤ "አየሁት፤ ሳቅሁ፤ ተውሁት" ያለ ሰው ሁለተኛም ሊተወው ይችላል።

አንድ ጠዋት ላሟን አልቤ፣ በርሜሏን ሞልቼ፣ እጄን ሳልታጠብ ስልኩን ከፈትሁ። በተማሪው በር ገባሁ። ላሚቱ ዘፈነች። ሥዕሉ መጣ፤ እኔ በግራ፣ ላሜ በቀኝ፣ እንደ ተገለበጥን። ጥያቄው ግን "ድቅሏ ላም የትኛዋ ናት?" ይላል። "ለ"ን ነካሁ። አረንጓዴ ሆነና "ትክክል! ጎበዝ!" አለኝ። ስልኩ ላይ የጣቴ ወተት ቀርቶ ፊደሉ ደብዝዞ ስለ ነበር በእጀጌዬ ጠረግሁና ከሥዕሉ ሥር ያለውን አንድ በአንድ አነበብሁ። "በግራ የሚታዩት የአዘጋጁ ታላቅ ወንድም ናቸው።"

የሚታዩት። ናቸው። በአፉ ያቃተውን በጣቱ አንቱ ብሎኛል። በአርሶ አደሩ በር ገብቼ አየሁ፤ እዚያም አለ። በባለሙያውም አለ።

ሚስቴን ጠርቼ አነበብሁላት። "ድገመው" አለች። ደገምሁት።

ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ "ሀ" ነው የሚሉኝ፤ ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። እኔም አቤት እላለሁ፤ ፊደሏ የኔ ናት። ነገሩ ግን ያለቀው ያን ጠዋት ነው፤ ሰኞ፣ በዓለ ወልድ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2010 ዓ.ም.።